ሰርቨሬ ላይ ምን ላስጭን?

«ጤና ይስጥልኝ ወንድሜ። ዓምድህን ሁልጊዜ አነባለሁ። ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም አጠገብ የኪችን ካቢኔትና የቁም ሳጥን ሥራ አለኝ። ቁልፍ የተረከቡ ሰዎች ቤታቸውን ፊኒሺንግ ሲያሠሩ ብዙዎቹ የሚያገኙኝ በዌብሳይቴ ነው። ፎቶ ያያሉ፣ የብሎክ ቁጥራቸውንና ባለ ስንት መኝታ እንደሆነ ይሞላሉ፣ ከዚያ ሄጄ እለካለሁ። ዌብሳይቱን የሠራልኝ ልጅ ባለፈው ዓመት ካናዳ ገባ። የሠራው በዎርድፕረስ እንደሆነ ነግሮኛል፤ ከዚያ ሌላ የማውቀው የለም።

አሁን ሰርቨሩን፣ ማለትም ዌብሳይቱ የሚቀመጥበትን ኮምፒውተር፣ የሚያከራየን የውጭ ድርጅት ኢሜይል ላከ። ሴንትኦኤስ 7 የሚባለው ኦፐሬቲንግ ሲስተም ጊዜው ስላለፈ በሁለት ወር ውስጥ ሌላ ምረጡ ይላል። ኡቡንቱ፣ ዴቢያን፣ አልማሊኑክስ ወይም ዊንዶውስ ሰርቨር። ከእነዚህ በስም የማውቀው ዊንዶውስን ብቻ ነው። ባንክ የሚሠራው የባለቤቴ ወንድም ‹ዊንዶውስ አድርጊ፣ ለምደሽዋል› አለኝ። አንድ ደንበኛዬ ‹ከዴቢያን ውጪ እንዳትነኪ› አለኝ። አቃቂ የሚኖር የሠራተኛዬ ወንድም ላግዝሽ ብሏል፤ እሱ የሚያውቀው ኡቡንቱ ነው። ሌላው ደግሞ ‹ለምን ኮምፒውተር ገዝተሽ ሱቅሽ ውስጥ አታስቀምጪም?› ይለኛል። ወርሃዊውን የምትከፍለው አሜሪካ ያለች እህቴ ናት፣ በካርዷ። እሷን በከንቱ ማስወጣት አልፈልግም። ግራ ገባኝ። የቱን ልምረጥ?»

ባለካቢኔቷ፣ ከኮዬ ፈጬ

እህቴ፣ መልሱን ላስቀድምና ምክንያቱን አስከትላለሁ። ኡቡንቱ 24.04 አስጭኚ።

ይህን የምልሽ ኡቡንቱ ሌሎቹን ስለሚያስከነዳ አይደለም። የአቃቂው ልጅ ስለሚያውቀው ነው። ሁሉም ሰው «የቱ ይሻላል?» ብሎ ነው የመከረሽ። እኔ የምጠይቅሽ ሌላ ነው፤ ቅዳሜ ማታ ዌብሳይትሽ አልከፈት ቢል ለማን ትደውያለሽ? ስልኩን የሚያነሳው ሰው የሚያውቀው ነገር ነው ሰርቨርሽ ላይ መጫን ያለበት።

አገራችን ሰው መኪና ሲገዛ ይህን ስሌት ያውቀዋል። ቪትዝ ያን ያህል የምትፈለገው ከዓለም መኪኖች ሁሉ ስለምትበልጥ ነው? የትም ሰፈር ብትቆም የሚያስነሳት መካኒክ ስላለ ነው። መለዋወጫዋ ሶማሌ ተራ ሞልቷል። ከእሷ የተሻለ መኪና ይዞ ለአንዲት ዕቃ ሦስት ወር የቆመ ሰው ሁላችንም እናውቃለን።

አሁን ነገሩ ምን እንደሆነ በራስሽ ሙያ ላስረዳሽ። ደንበኛ ካቢኔት ሊያይ ሲመጣ የሚዳብሰው በሩን ነው። ቀለሙን ያያል፣ እጀታውን ይስባል። አጎንብሶ ከሲንኩ ሥር ያለው ሳጥን ከምን እንደተሠራ የሚያይ ስንቱ ነው? ግን ቧንቧው ጠብ ጠብ ማለት ሲጀምር ችፑዱ ውሃ ይጠጣል፣ ያብጣል፣ ማጠፊያው ከነብሎኑ ይነቀላል። ያ ያማረ በር ይንጋደዳል። ደንበኛሽ የሚያየው ዌብሳይት በሩ ነው። ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ፣ ማለትም ኮምፒውተሩን የሚያስነሳውና ሌሎቹን ፕሮግራሞች የሚያሠራው፣ ከሲንኩ ሥር ያለው ሳጥን ነው። ፎቶውን፣ ዎርድፕረሱን፣ የደንበኞችሽን ትዕዛዝ ሁሉ የተሸከመው እሱ ነው።

«ጊዜው አለፈ» ማለት ደግሞ ሥራ አቆመ ማለት አይደለም። ዌብሳይትሽ ዛሬም ይከፈታል፤ ምናልባት በሚቀጥለው ዓመትም ይከፈት ይሆናል። ሰው የሚዘናጋውም በዚህ ነው። ሴንትኦኤስ 7 ድጋፉ ያበቃው ሰኔ 23 ቀን 2016 ነው፣ በፈረንጆቹ ጁን 30 ቀን 2024። ከዚያች ቀን ወዲህ የሚገኝ ቀዳዳ ሁሉ በነጻ የሚደፍንልሽ የለም።

ቀዳዳ ስልሽ በምሳሌ ላሳይሽ። ሱዶ የምትባል ትንሽ ፕሮግራም አለች። እንደ አንቺው ሴንትኦኤስ ባለ ሊኑክስ ሰርቨር ላይ ሁሉ አለች ማለት ይቻላል። ሥራዋ ለተራ ተጠቃሚ የአለቃን ሥልጣን ለጊዜው ማዋስ ነው። ጥር 2013 ላይ፣ በፈረንጆቹ 2021፣ ተመራማሪዎች በውስጧ አደገኛ ቀዳዳ ማግኘታቸውን አሳወቁ። ተራ ተጠቃሚ ሆኖ የገባ ሰው የአለቃ ይለፍ ቃል ሳይኖረው አለቃ መሆን ይችል ነበር። ቀዳዳው እዚያ የገባው ግን በፈረንጆቹ 2011 ነው። ወደ 10 ዓመት ገደማ የዓለም ሰርቨሮች ሁሉ ይዘውት ሲኖሩ በይፋ ያወቀው አልነበረም። ያን ጊዜ ሴንትኦኤስ 7 ድጋፉ ስላላበቃ መድፈኛው ወዲያው ደረሰለት። ነገ እንዲህ ያለ ሌላ ቢገኝ የአንቺው ሰርቨር ክፍቱን ያድራል። ድርጅቱ «ቀይሩ» ያለሽ አስቦልሽ ነው፤ ገንዘብ ሊቀበልሽ ፈልጎ አይምሰልሽ።

ከአራቱ አማራጮች ሦስቱ የአንድ ቤት ልጆች መሆናቸውንም እወቂ። ኡቡንቱም፣ ዴቢያንም፣ አልማሊኑክስም ውስጣቸው ሊኑክስ ነው። ሊኑክስን የጀመረው ሊነስ ቶርቫልድስ የተባለ የፊንላንድ ተማሪ ነው። ለሰው ያሳወቀው ነሐሴ 19 ቀን 1983 ነው፣ ደርግ ከወደቀ ሦስት ወር ሊሞላ ጥቂት ቀን ሲቀረው። እሱ የሠራው ሞተሩን ነው። በሞተሩ ላይ አካሉን እየገጠሙ የሚያቀርቡት ሌሎች ናቸው፣ የስም መብዛቱም ከዚያ የመጣ ነው። ስለዚህ ከሦስቱ አንዱን ብትመርጪ ገደል አትገቢም። ዎርድፕረስሽ በሦስቱም ላይ ያለ ችግር ይሠራል። ይህን ካወቅሽ ግማሹ ጭንቀትሽ ይቀላል ብዬ አምናለሁ።

የሴንትኦኤስ ታሪክ ግን ትንሽ ልቆይበት የሚገባ ነው፣ ለምርጫሽ ይጠቅማልና። ሬድ ሃት የሚባል ኩባንያ ለትልልቅ ድርጅቶች በክፍያ የሚሰጠው ሊኑክስ አለው። ሴንትኦኤስ የዚያው ነጻ ቅጂ ነበር። ጥራቱ ያው፣ ክፍያ የለው። ሰርቨር የሚያከራዩ የዓለም ሆስቲንግ ድርጅቶች ለዓመታት የኖሩት በእሱ ነው። የአንቺም ዲቨሎፐር የመረጠው ተሳስቶ አይደለም። ኋላ ሬድ ሃት ሴንትኦኤስን በእጁ አስገባ። ኅዳር 29 ቀን 2013 ላይ፣ በፈረንጆቹ እስከ 2029 ይቆያል ተብሎ የሚጠበቀው ሴንትኦኤስ 8 በፈረንጆቹ 2021 መጨረሻ እንደሚቆም ተነገረ። ሴንትኦኤስ 8 ያኔ ከወጣ ገና አንድ ዓመት ከጥቂት ወር ነበር። አዲስ ሰርቨር አቋቁሞ ዓመት ሳይሞላው እንደገና ሊያፈርስ የተገደደ ብዙ ነው። ክፍተቱን ለመሙላት ሁለት ተተኪዎች መጡ። አንዱ አልማሊኑክስ ነው፤ የመጀመሪያው የወጣው መጋቢት 2013 ነው። ሌላው ሮኪ ሊኑክስ ነው፤ የጀመረው ከሴንትኦኤስ መሥራቾች አንዱ የሆነው ግሪጎሪ ኩርትዘር ነው።

ስለዚህ አልማሊኑክስ ለአሁኑ ሰርቨርሽ የቅርብ ዘመዱ ነው። ትእዛዞቹ፣ የፋይሎቹ አቀማመጥ፣ ልማዱ ይመሳሰላል። አልማሊኑክስ 9 የደኅንነት ድጋፉ በፈረንጆቹ እስከ 2032 ስለሚዘልቅ ዕድሜውም ረጅም ነው። ካናዳ የገባው ልጅ ዛሬም ስልኩን እያነሳ የሚሠራልሽ ቢሆን ኖሮ መልሴ ይቀየር ነበር። «አልማ አድርጊና እሱ ይቀጥል» እልሽ ነበር።

ደንበኛሽ ስለ ዴቢያን ያለሽም ውሸት የለበትም። ዴቢያን ከ1993 ጀምሮ አለ፣ በፈረንጆቹ ነው የምልሽ። ከጀርባው ሽያጭ የሚያሳድድ ኩባንያ የለም፤ ያቆሙት በጎ ፈቃደኞች ናቸው። እርጋታው ያስመካል። ሙያ ያለው ሰው ስለ ዴቢያን በስስት ሲያወራ እኔም ይገባኛል። ግን ያ ደንበኛ ካቢኔቱን ገጥመሽለት ስትጨርሺ ወደ ቤቱ ይገባል። ሰርቨርሽን የሚጠብቀው እሱ አይደለም። ኡቡንቱ ራሱ የሚሠራው ከዴቢያን ላይ ስለሆነ የአቃቂው ልጅ ድንገት ዴቢያን ላይ ቢገኝም ባዕድ አይሆንበትም።

ኡቡንቱን በፈረንጆቹ 2004 ያስጀመረው ማርክ ሻትልወርዝ የተባለ ደቡብ አፍሪካዊ ነው። ስሙም ከዙሉና ከኾሳ ቋንቋዎች የተወሰደ ነው፣ ሰው ሰው የሚሆነው በሌላ ሰው ነው የሚል ሐሳብ አለው። ለአንቺ የሚጠቅምሽ ግን ቁጥሩን ማንበብ ነው። 24.04 ማለት በፈረንጆቹ 2024 በአራተኛው ወር የወጣ ማለት ነው። በየሁለት ዓመቱ በአራተኛው ወር የሚወጣው ኤልቲኤስ ይባላል፣ 5 ዓመት ሙሉ በነጻ ይደገፋል። የአንቺው በፈረንጆቹ እስከ 2029 ማለት ነው። በመካከል የሚወጡት ግን 9 ወር ብቻ ነው ድጋፋቸው። በድርጅቱ ዝርዝር ውስጥ ከፍ ያለ ቁጥር አይተሽ «አዲሱ ይሻላል» ብለሽ እንዳትነኪ። ኤልቲኤስ የሚል ከአጠገቡ ከሌለ እለፊው። ሌላም የምወድለት ነገር አለ። ሰርቨሩ ላይ ሲጫን የደኅንነት አፕዴቶችን በራሱ እያወረደ እንዲጭን ሆኖ ነው የሚመጣው። አልፎ አልፎ ሪስታርት ይፈልጋል፤ ልጁ በወር አንዴ ገብቶ እሱን ካየልሽ ትልቁ ነገር ተሠራ።

ወደ ባለቤትሽ ወንድም ልምጣ። ባንክ ውስጥ ዊንዶውስ ሰርቨር በሰፊው ይሠራል፣ ለዚያ ሥራም ይሆናል። ግን «ለምደሽዋል» ያለሽ ላይ አልስማማም። አንቺ የለመድሽው ሱቅሽ ውስጥ እንደ ፒችትሪ ያለ የሂሳብ ፕሮግራም የሚሠራበትን ዊንዶውስ ነው። ዊንዶውስ ሰርቨር መልኩ ይመሳሰላል እንጂ ዌብሳይት ማስኬጃው፣ የደኅንነት ማስተካከያው ሌላ ትምህርት ነው። መልኩን መልመድሽ የሚያግዝሽ እስክትገቢ ድረስ ነው። በዚያ ላይ የፈቃድ ክፍያ አለው፣ በየወሩ ከእህትሽ ካርድ የሚቆረጥ። ሊኑክሶቹ የፈቃድ ክፍያ የላቸውም። መስኮትና አይጥ ያለውን ዊንዶውስ ሰርቨር ለማስነሳት ብቻ ቢያንስ 2 ጊጋ ሜሞሪ ይፈልጋል፤ በትንሽ ዋጋ የሚከራዩ ሰርቨሮች ብዙ ጊዜ 1 ጊጋ ናቸው። ደግሞ ዎርድፕረስ የተጻፈው ፒኤችፒ በተባለ የፕሮግራም ቋንቋ ነው፣ መረጃውን የሚያስቀምጠውም ማይኤስኪውኤል ወይም ማሪያዲቢ በሚባል ዳታቤዝ፣ ማለትም የመረጃ ማከማቻ፣ ላይ ነው። እነዚህ ሊኑክስ ላይ አድገው የጎለመሱ ናቸው። ዌብሳይትሽ በድሮው የማይክሮሶፍት ኤኤስፒ ዶት ኔት የተሠራ ቢሆን ኖሮ ዊንዶውስ ትክክል ይሆን ነበር። አይደለም።

ኮምፒውተር ገዝተሽ ሱቅ ውስጥ ማስቀመጡን ተዪው። ኮዬ መብራት ሲሄድ የምታውቂው አንቺ ነሽ። መብራት በሄደ ቁጥር ዌብሳይትሽም ይሄዳል። መጋዝ በሚሠራበት ቤት የሚቦነው ብናኝ ደግሞ ለኮምፒውተር መርዝ ነው።

አሁን የማይጠበቅ ነገር ልጠይቅሽ። የራስሽ ሰርቨር ለምን አስፈለገሽ? የፎቶ ማሳያና አንድ የትዕዛዝ ፎርም ያለው ዌብሳይት ሼርድ ሆስቲንግ በሚባለው ላይ ምቾት አግኝቶ ይኖራል። ያ ማለት ብዙ ዌብሳይቶች አንድ ሰርቨር ይጋራሉ፣ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙን የሚመርጠውም የሚያድሰውም ሆስቲንግ ድርጅቱ ነው። አንቺ የሚመጣልሽ የቁጥጥር ገጽ ብቻ ነው። ኮንዶሚኒየም እንደመከራየት ነው፤ ጣሪያው ቢያፈስ የአንቺ ጭንቀት አይደለም። አሁን ያለሽ ቪፒኤስ፣ ማለትም ለብቻሽ የተከራየሽው ሰርቨር፣ ግን እንደ ግቢ ቤት ነው። ጣሪያውም አጥሩም ቧንቧውም የራስሽ ነው። የአቃቂው ልጅ ሁለት ቀን ሠርቶ የሚጠፋ ዓይነት ከመሰለሽ ኡቡንቱም አልማም አያድንሽም፣ ወደ ሼርድ ሆስቲንግ ግቢ። ይህን ስልሽ ዝቅ አድርጌሽ አይደለም። ከእኔ ደንበኞች ግማሽ የሚሆኑት እዚያ ናቸው፣ በሰላም ይኖራሉ።

ልጁ ግን የሚዘልቅ ከሆነ ክፈይው። ዘመድ ነው፣ የሠራተኛዬ ወንድም ነው ብለሽ በውለታ አታሠሪው። በነጻ የሚሠራ ሰው ሥራ ሲበዛበት መጀመሪያ የሚተወው የአንቺን ነው። በወር ትንሽ ነገር ቁረጪለት፣ የሚሠራውንም በወረቀት ተጻጻፉ። አፕዴቱን ያያል፣ ባክአፕ (መጠባበቂያ ቅጂ) ይወስዳል፣ ስልክ ያነሳል። ከመጀመሩ በፊት አንድ ነገር ጠይቂው፦ «ከባክአፕ ላይ ዌብሳይት መልሰህ አስነስተህ ታውቃለህ?» መውሰዱን ሁሉም ያውቀዋል። መልሶ ማስነሳቱን የሞከረ ጥቂት ነው። ካልሞከረ በአዲሱ ሰርቨር ላይ ያንቺን ይሞክር፣ ጥሩ ልምምድ ይሆነዋል።

ከምርጫው በላይ የሚያስፈራኝን ልንገርሽ። ቁልፉ በማን እጅ ነው?

ወደ ሰበታ መውጫ ላይ ገስት ሃውስ ያለው ሰው አውቃለሁ። ዌብሳይቱን የሠራለት ሰው ዶሜኑን፣ ማለትም የዌብሳይቱን የአድራሻ ስም፣ ያስመዘገበው በራሱ ኢሜይል ነበር። ተንኮል አልነበረውም፤ በጊዜው ፈጣኑ መንገድ እሱ ስለነበረ ነው። ዓመታት አለፉ፣ ሰውየው ሥራ ቀየረ፣ ያን ኢሜይል መክፈት ተወ። የማደሻ ማስጠንቀቂያው እዚያ ሲጠራቀም ዶሜኑ ጊዜው አለፈ። ባለቤቱ ያወቀው እንግዳ ደውሎ «ዌብሳይታችሁ ላይ የማላውቀው ነገር ነው የሚታየኝ» ሲለው ነው። ስሙን ሌላ ሰው ወስዶታል። በበሩ ላይ፣ በሚኒባስ ማስታወቂያው ላይ፣ በየካርዱ ላይ ያሳተመው ስም የእሱ አልሆነም። እኔ ጋ ሲመጣ ሰርቨሩ ምንም አልሆነም ነበር። ፋይሎቹ ሁሉ አሉ። መግቢያው ግን የለም። ያን ቀን ፊቱን ያየሁት እስካሁን አይጠፋኝም።

የአንቺም ነገር እንደዚህ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። ሰርቨሩ ላይ የምትገቢበት አካውንት በማን ኢሜይል ነው? የሚላከው የማረጋገጫ ኮድ የሚሄደው በማን ስልክ ነው? ዶሜኑስ በማን ስም ነው የተመዘገበው? እህትሽ ካርዷን አስገብታለች፣ ግን ከፋይ መሆን ባለቤት መሆን አይደለም። ካርዷ ጊዜው ሲያልፍ ወይም ባንኳ ሲቀይርላትስ ማን ያውቃል? ለቢዝነስሽ ብቻ የሚሆን አንድ ኢሜይል ክፈቺ። ሁሉም አካውንት ወደ እሱ ይዙር። የይለፍ ቃሉን አንቺም እህትሽም ያዙት። ልጁ ለሥራው የሚሆን የራሱ መግቢያ ይሰጠው። የአንቺን አትስጪው፤ ሲለቅ የእሱን ብቻ ትዘጊያለሽ።

ዝውውሩን እንዴት እንደሚያደርገው ልጁ ያውቃል፣ ግን አንቺም እወቂውና ተከታተዪው። አሮጌው ሰርቨር ላይ ኡቡንቱን ደርቦ አይጭንም። እንደዚያ ከተደረገ ያለው ሁሉ ይጠፋል። አዲስ ሰርቨር ጎን ለጎን ይከራያል። ኡቡንቱን ይጭናል፣ ፋይሎቹንና ዳታቤዙን ይገለብጣል፣ ይሞክራል። ሰው አዲሱን ቤት ቀለም ቀብቶ ሳይጨርስ ዕቃ አያጓጉዝም። ሁሉም ደህና ሲሆን የዶሜኑን አቅጣጫ ወደ አዲሱ ያዞራል። አሮጌው ቢያንስ ሁለት ሳምንት ሳይዘጋ ይቆይ። ለዚያ ወር የሁለት ሰርቨር ኪራይ ይከፈላል፤ ለእህትሽ አስቀድመሽ ንገሪያት።

እዚህ ላይ ለእኛ ፊደል ብቻ የሚመጣ ጣጣ አለ። ሴንትኦኤስ 7 ይዞት የሚመጣው ማሪያዲቢ 5.5 ካልተነገረው በቀር ጽሑፍ የሚያስቀምጠው ላቲን በሚባለው ሥርዓት ነው። የእኛን ፊደል አያውቀውም። ልጁ ዳታቤዙን ሲገለብጥ ይህን ካላስተካከለ ፎርሙ ላይ «ባለ ሁለት መኝታ» የሚለው «?? ??? ???» ሆኖ ይመጣል። ፊደል በፊደል፣ አንድ ጥያቄ ምልክት። አንድ ጊዜ እንደዚያ ሆኖ ከተቀመጠ አይመለስም፣ ዋናው ፊደል ጠፍቷልና። በጥያቄ ምልክት ፈንታ የላቲን ፊደላት ላይ ነጥብና ሰረዝ የተዘበራረቀበት ጉራማይሌ ካየሽ ግን አትደንግጪ። ያ ብዙ ጊዜ ይመለሳል፣ ፊደሉ ውስጡ አለ፣ የተነበበው ብቻ በተሳሳተ ሥርዓት ነው። ለልጁ «ሁሉንም ዩቲኤፍ8ኤምቢ4 አድርገው» በይው። ይገባዋል። ደንበኛ ትዕዛዙ ላይ ኢሞጂ ቢጨምርበትም እሱ ይችለዋል።

አሮጌው ሳይዘጋ አንቺ ራስሽ ቁጭ ብለሽ ቼክ አድርጊ። ሻይሽን ይዘሽ፣ አሮጌውን በስልክሽ አዲሱን በላፕቶፕሽ ከፍተሽ። ከሁለት ዓመት በፊት የገባ ትዕዛዝ ፈልጊ፣ ስሙ በአማርኛ መነበቡን እይ። ፎቶዎቹን አንድ በአንድ ንኪ። የራስሽን ስም አስገብተሽ አዲስ ትዕዛዝ ላኪ፣ ኢሜይሉ ይደርስሽ እንደሆነ ጠብቂ። ትዕዛዝ መቀበያው ተሰብሮ ለአንድ ወር ያላወቀ ባለሱቅ አጋጥሞኛል። ሥራ የቀዘቀዘ መስሎት ነበር።

ሰዓቱንም አስተካክሉ። ሰርቨሮች ብዙ ጊዜ የሚመጡት በዓለም አቀፉ ሰዓት ነው፣ ከእኛ ሦስት ሰዓት ወደኋላ። ከምሽቱ 2 ሰዓት የገባ ትዕዛዝ የሰርቨሩ መዝገብ ላይ 17 ሰዓት ተብሎ ይጻፋል። በእኛ አቆጣጠር ላይ ሲደመር ማንም ግራ ይጋባል። ልጁ የሰዓቱን ክልል አዲስ አበባ ብሎ ይሙላው፤ ከዝርዝሩ ውስጥ አለ። ባክአፑን ሰርቨሩ ሳይስተካከል በሰርቨሩ አቆጣጠር ለ2 ሰዓት ሌሊት ከቀጠረው በእኛ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ነው የሚሆነው።

ባክአፑ ደግሞ እዚያው ሰርቨር ላይ ብቻ እንዳይቀመጥ። ሰርቨሩ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። በሳምንት አንዴ ወደ ሱቅሽ ኮምፒውተር ይውረድ፣ በወር አንዴ ወደ ፍላሽ ይገልበጥና ቤት ይግባ።

አንድ ቀረኝ፤ ኡቡንቱ ተጭኖ ሲያበቃ ሥራው እንዳለቀ አትቁጠሪ። ዎርድፕረስ ዌብሳይት ላይ ሌባ አብዛኛውን ጊዜ የሚገባው በኦፐሬቲንግ ሲስተሙ አይደለም። የሚገባው ባልታደሰ ፕለጊን፣ ማለትም ዎርድፕረስ ላይ በሚጨመር ትንሽ ፕሮግራም፣ ነው። ዲቨሎፐሩ በጊዜው ሞክሮ የተዋቸው ፕለጊኖች ይኖሩሻል። የማይሠራባቸውን ልጁ ይሰርዛቸው፣ የቀሩትን ያድሳቸው።

ከሁሉ በፊት ግን ዛሬ ማታ ካናዳ ላለው ልጅ በቴሌግራም ጻፊለት። የወቀሳ ቃል አይኑርበት፤ በደህና የሠራልሽ ልጅ ነው፣ አሁንም ያስፈልግሻል። እንዲህ በይው፦

«እንዴት ነህ ወንድሜ፣ ብርዱ እንዴት ይዞሃል? ዌብሳይቱ እስካሁን እያበላኝ ነው፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሰርቨሩ ሴንትኦኤስ 7 ስለሆነ ቀይሩ ተብለናል፣ እዚህ ያለ ልጅ ወደ ኡቡንቱ ሊያዞረው ነው። አንተን እንዳላስቸግር ሦስት ነገር ላክልኝ። የሰርቨሩን አካውንት መግቢያ፣ የዶሜኑን አካውንት መግቢያ፣ የዎርድፕረሱን የአድሚን ይለፍ ቃል። ኮድ ወደ ስልክህ የሚመጣ ከሆነ አብረን ኦንላይን ሆነን ወደ እኔ ቁጥር እንቀይረው። እሑድ ከሰዓት ይመችሃል?»